ከቀዩ ቀለም በስተጀርባ፦ ከአንቴና ስሌት ክፍል የወጣ ሹክሹክታ

ሹክ ልበላችሁ። አንቴና ነድፈን ለደንበኛ ስናቀርብ ስክሪኑ ላይ የሚሽከረከረው ባለ ቀለም ምስል፣ ጫፉ ቀይ፣ ሥሩ ሰማያዊ የሆነው፣ ብቻውን ምንም አያረጋግጥም። በሙያው ውስጥ ያለን ሰዎች ይህን እናውቃለን፤ ስብሰባ ላይ ደፍሮ የሚናገረው ግን ጥቂት ነው። ምስሉ ያምራል፤ በጀት የሚፈቅዱት ኃላፊዎችም ሲያዩት ፊታቸው ይፈካል። ከዚያ በኋላ «ቆይ፣ ይሄ ቁጥር ከየት መጣ?» ብሎ የሚያነሳ ሰው ነገር አበላሽ መስሎ ይታያል። የእኔ ሥራ የአንቴናን ጨረር በኮምፒውተር ማስላት ነው። ሥራውን ስለምወደው ጓዳውን ላሳያችሁ። (የማነሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ከቀለሙ ልጀምር። ሶፍትዌሩ ቀዩን ቀለም የሚሰጠው በዚያው ስሌት ውስጥ ከፍተኛ ለሆነው ቁጥር ነው። ከፍተኛው 15 ዴሲቤል ቢሆን ቀይ ነው፤ ከዜሮ በታች 8 ዴሲቤል ቢሆንም ያው ቀይ ነው። ግሩም አንቴናና የማይረባ አንቴና ጎን ለጎን ቢቀመጡ፣ ዳር ላይ ያለውን የቀለም መለኪያ ያላነበበ ሰው ሊለያቸው አይችልም። መለኪያው ደግሞ ወደ አቀራረቡ ሰሌዳ ሲገለበጥ ብዙ ጊዜ ተቆርጦ ይቀራል።

ሁለተኛው ከዚህም ይብሳል። ዳይሬክቲቪቲ የሚባለው ቁጥር ከአንቴናው የወጣው ጨረር ወደየትኛው አቅጣጫ እንደበዛ ብቻ ነው የሚናገረው። ከተሰጠው ኃይል ምን ያህሉ እንደወጣ አይናገርም። ከሞገዱ ርዝመት አንጻር እጅግ አጭር የሆነ ሽቦ ዳይሬክቲቪቲው 1.76 ዴሲቤል ነው፤ ሙሉው የግማሽ ሞገድ ዳይፖል፣ ማለትም የሞገዱን ግማሽ ያህል የሚረዝመውና መሀሉ ላይ የሚመገበው ሽቦ፣ 2.15 ነው። ልዩነታቸው ግማሽ ዴሲቤል እንኳ አይሞላም። እንግዲህ አጭሩ አንቴና ከተቀበለው ኃይል 90 ፐርሰንቱን ሙቀት አድርጎ ቢያባክነው ምስሉ ምን ይሆናል? ምንም አይሆንም። ያው ቅርጽ፣ ያው ቀይ። ሪያላይዝድ ጌይን የሚባለው ቁጥር ግን በሙቀት የጠፋውንም፣ ከመመገቢያው መስመር ጋር ባለመጣጣም ተመልሶ የሚሄደውንም ኃይል ቀንሶ ነው የሚናገረው። በእሱ ከሄድን ይኸው አንቴና ከዜሮ በታች 8 ዴሲቤል ይወርዳል። ሁለቱ ቁጥሮች በሶፍትዌሩ ዝርዝር ውስጥ ተቀራርበው ተቀምጠዋል። የትኛው እንደተመረጠ ሪፖርቱ ላይ በትንንሽ ፊደል ይጻፋል፤ ሳይጻፍ የሚቀርበትም ጊዜ አለ። እኔ ሪፖርት ሲመጣልኝ ምስሉን ትቼ ያቺን ትንሽ ጽሑፍ ነው የምፈልገው።

ይህን ስል ስሌቱን ላጣጥል አይደለም። ስሌቱ ድንቅ ነው። ጄምስ ክላርክ ማክስዌል በ1865 ያሳተመው፣ በኋላም ኦሊቨር ሄቪሳይድ ዛሬ ወደምናውቀው አጭር መልክ ያመጣው ንድፈ ሐሳብ ከሬዲዮ ማማ ጀምሮ በስልካችሁ ውስጥ እስካለችው ቁራጭ ብረት ድረስ ሁሉን ይገዛል። ችግሩ በእስክሪብቶና በወረቀት ሙሉ በሙሉ የሚፈቱት ቅርጾች በጣት የሚቆጠሩ መሆናቸው ነው። ፖክሊንግተን በቀጭን ሽቦ ላይ የሚፈሰው ከረንት የሚታዘዝለትን እኩልታ በ1897 ጽፎታል። እኩልታው ለፈለግነው ቅርጽ በቁጥር እንዲፈታ ግን ኮምፒውተር እስኪመጣ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ መጠበቅ ነበረበት። ሮጀር ሃሪንግተን በ1968 ባሳተመው መጽሐፍ መንገዱን ጠረገው፦ ሽቦውን ቆራርጥ፤ በየቁራጩ ላይ ያለውን ከረንት እንደማይታወቅ ቁጥር ያዝ፤ እያንዳንዱ ቁራጭ በሌላው ላይ የሚያሳድረውን ተጽዕኖ በማትሪክስ አስፍር፤ ከዚያ ፍታ። የሞመንት ዘዴ የምንለው ይህ ነው።

ከዚህ ዘዴ የተወለደው ኔክ የሚባለው ፕሮግራም በካሊፎርኒያው የሎውረንስ ሊቨርሞር ላቦራቶሪ ጄራልድ በርክና አንድሪው ፖጆ ያዘጋጁት ነው። ኔክ-2 የ1981 ሥራ ነው፤ በፎርትራን የተጻፈ። ብዙ ሰው ስነግረው አያምነኝም እንጂ ዛሬም ይሠራል። ውድ ሶፍትዌር በገዙ ቢሮዎች ውስጥ ሳይቀር፣ የሽቦ አንቴና ሲመጣ መጀመሪያ የሚፈተነው በእሱ ነው።

ቀረብ ብለን እንየው። አዲስ አበባ ላይ በ102.1 ሜጋኸርዝ ለሚሰማው ሸገር ኤፍኤም የሚሆን ዳይፖል እንሥራ። የሞገዱ ርዝመት 2.94 ሜትር ገደማ ነው፤ ሽቦው ከግማሹ ጥቂት አጥሮ 1.41 ሜትር አካባቢ ይሆናል። የኔክ ፋይሉ ጥቂት መስመር ብቻ ነው። እያንዳንዱ መስመር እስካሁን ካርድ ይባላል፤ ትእዛዝ በተበሳ ወረቀት ለኮምፒውተር ይሰጥ ከነበረበት ዘመን የቀረ ልማድ ነው። ጂደብልዩ የሚለው ካርድ ሽቦው ከየት እስከ የት እንደሆነ፣ ውፍረቱንና በስንት እንደሚቆረጥ ይናገራል። ኢኤክስ ቮልቴጁ የሚገባበትን ቁራጭ፣ ኤፍአር ፍሪኩዌንሲውን፣ አርፒ ደግሞ ጨረሩ የሚሰላባቸውን ማእዘኖች። 21 ቁራጭ እንበል፤ ቮልቴጁ 11ኛው ላይ ይገባል። ለምን 20 አልሆነም? 20 ቁራጭ ሲሆን መሀሉ ላይ የሚውል ቁራጭ የለም። ምንጩ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል፤ መልሱም አብሮት ያዘነብላል። ጀማሪ የሠራውን ፋይል ስቀበል ዓይኔ መጀመሪያ የሚያርፈው በዚህ ቁጥር ላይ ነው።

ፕሮግራሙ ዓይን ሳይርገበገብ ይጨርሳል። ሬአክታንሱ (ኃይሉን ይዞ የሚመልሰው ተቃውሞ) ዜሮ አጠገብ፣ ሬዚስታንሱ 72 ኦም አካባቢ፣ ጌይኑ 2.1 ዴሲቤል ገደማ ከመጣ እሰየው ነው። ከዚያ ቀጥሎ ከሙያው ውጪ ያለ ሰው የማይሰማው ፈተና አለ፤ አማካይ ጌይን እንለዋለን። ኪሳራ የሌለው አንቴና በባዶ ሕዋ ውስጥ ሲሰላ የገባበት ኃይል ሁሉ መውጣት አለበት። በሁሉም አቅጣጫ የወጣውን ደምረን ለገባው ስናካፍለው 1 መምጣት አለበት። 1.12 ከመጣ ኮምፒውተሩ ያልነበረ ኃይል ፈጥሯል፤ ጌይኑም በግማሽ ዴሲቤል ተጋኗል። 0.8 ከመጣ ኃይል የት እንደገባ ሳይታወቅ ጠፍቷል። ደቂቃ የማይፈጅ ፈተና ነው። ታዲያ ስንት ሪፖርት ላይ አያችሁት?

ፈተናውን ማለፍ ብቻውን ግን ነጻ አያወጣም። ትልልቅ የአጭር ሞገድ ያጊ አንቴናዎች (ብዙ ክንድ በአንድ ዘንግ ላይ የተደረደረባቸው) ክንዳቸው አንዱ በሌላው ውስጥ ከሚሰካ የአሉሚኒየም ቱቦ ስለሚሠራ፣ መሀላቸው ወፍራም፣ ጫፋቸው ቀጭን ነው። ኔክ-2 ውፍረቱ በሚለወጥበት መገጣጠሚያ ላይ ይሳሳታል። ዴቪድ ሊሰን ለዚህ ያዘጋጀው ማስተካከያ ያንን ደረጃ ደረጃ ያለውን ክንድ ውፍረቱ በማይለዋወጥ አቻ ክንድ ይተካዋል። ይህን የማያውቅ ሰው ስሌቱን አምኖ ቱቦ ይቆርጣል፤ አንቴናው ሲሰቀል የሚስማማበት ፍሪኩዌንሲ ሌላ ቦታ ሆኖ ይገኛል።

አሁን ወደ ቁራጩ መጠን። ሽቦም ሆነ ሰሌዳ፣ ስሌቱ ሜሽ የምንለውን ክፍፍል ይፈልጋል። ወንፊቱ ሰፊ ከሆነ ገለባው ከዱቄቱ ጋር አብሮ ያልፋል። በደንቡ አንዱ ቁራጭ ከሞገዱ ርዝመት ከአሥር እጅ አንዱን መብለጥ የለበትም። ከረንቱ በሚጨናነቅበት ቦታ፣ በተለይ ኤሌክትሪኩ በሚገባበት አፍና በስለታም ጠርዝ ላይ፣ ከዚያ በጣም ማነስ አለበት። ይህን ሁሉም ያውቃል፤ የማይነገረው ዋጋው ነው። በሞመንት ዘዴ የማይታወቁት ቁጥሮች እጥፍ ሲሆኑ ሜሞሪው 4 እጥፍ፣ የሚፈጀው ጊዜ ደግሞ 8 እጥፍ ይሆናል። 10,000 የማይታወቅ ቁጥር ያለው ችግር ማትሪክሱ ብቻ 1.6 ጊጋባይት ይይዛል፤ 100,000 ሲሆን 160 ጊጋባይት። ዓርብ ከሰዓት ነው እንበል፤ ሪፖርቱ ሰኞ ጠዋት ይፈለጋል፤ ሜሹን አጥብቦ እንደገና ማስላት ደግሞ ቀናት ይፈጃል። ምን እንደሚደረግ መገመት አያቅታችሁም። በሰፊው ሜሽ የተገኘው ይቀርባል፤ ምስሉም እንደሁልጊዜው ያምራል።

አንድ ጊዜ አንዲት ጎበዝ ጀማሪ ባልደረባችን ላፕቶፗን ይዛ መጣች። «ጋሼ፣ ኢፊሸንሲው ከመቶ በላይ ሆነ። ሶፍትዌሩ ተበላሽቶ ይሆን?» አለችኝ። «ሶፍትዌሩ ደህና ነው» አልኳት። «አፉ ላይ ያለውን ሜሽ አጥብቢውና እንደገና አስኪጂው።» ሦስት አራቴ እያጠበበች አስኬደችው። መጀመሪያ ወደ ዘጠናዎቹ፣ ቀጥሎ ወደ ሰማንያዎቹ ወረደ፤ ከዚያ ረጋ። የረጋው ቁጥር ነው መልሱ። ኢፊሸንሲ ማለት ከገባው ኃይል የወጣው ድርሻ ነው፤ ይህች ልጅ ቁጥሩ ከመቶ ስላለፈ ጠረጠረች። ያው የተሳሳተ ሜሽ 95 ቢያመጣ ኖሮ ማን ይጠረጥር ነበር? ከሁሉ የሚያስፈራኝ ስህተት ይህ ነው፤ ትክክል የሚመስለው።

ሌላው ዘዴ ሕዋውን በጥቃቅን ኪዩቦች ይሞላዋል። ኬን ዪ በ1966 ያሳተመው ሐሳብ ነው፤ የኤሌክትሪኩንና የማግኔቱን መስክ በኪዩቡ ጠርዝና ገጽ ላይ እያፈራረቀ፣ ጊዜን በጥቃቅን እርምጃ ያራምዳል። አለን ታፍሎቭና ሞሪስ ብሮድዊን በ1975 ማይክሮዌቭ በሰው ዓይን ውስጥ የሚፈጥረውን ሙቀት ለማስላት ተጠቀሙበት፤ በ1980 ታፍሎቭ ኤፍዲቲዲ የሚለውን ስም አወጣለት። ከስልክ የሚወጣው ጨረር በጭንቅላት ውስጥ ምን ያህል እንደሚቀር ሲሰላ ዛሬም ብዙ ጊዜ የሚሠራው በዚህ ነው። እዚህም ዋጋ አለ፦ ኪዩቡን በግማሽ ስታሳንሱት ኪዩቦቹ 8 እጥፍ ይበዛሉ፤ የጊዜው እርምጃም በግማሽ ያጥራል፤ በጠቅላላው 16 እጥፍ ሥራ።

የዚህ ዘዴ ገበና ዳሩ ላይ ነው። ሕዋ ወሰን የለውም፤ የኮምፒውተሩ ሳጥን ግን አለው። ሞገዱ ከሳጥኑ ዳር ተመልሶ ከመጣ ስሌቱ ተበላሽቷል። ፈረንሳዊው ዣን-ፒየር ቤረንዤ በ1994 ሞገዱን ሳያንጸባርቅ የሚውጥ ንጣፍ አስተዋወቀና ሙያውን ገላገለው። ንጣፉ ወደ አንቴናው ከተጠጋ ግን ራሱ መልሱን ይነካል፤ ስለዚህ ቢያንስ የሞገዱን ሩብ ያህል ክፍተት እንተዋለን። ሳጥኑ ሲያንስ ስሌቱ ስለሚፈጥን ይህችን ክፍተት የሚሰርቁ አሉ። ሞገዱ በመዋቅሩ ውስጥ ገና እየተወዛወዘ ስሌቱን የሚያቆሙም አሉ። ያኔ ግራፉ ላይ ትንንሽ ተደጋጋሚ ሞገዶች ይታያሉ። ይህንኑ ግራፍ «የአንቴናው ባሕርይ» ብሎ የሚያብራራ ሪፖርት አንብቤ አዝኛለሁ።

ስሌቱ ትክክል ሆኖም አንቴናው እንቢ የሚልበት ጊዜ አለ። ያኔ ብዙ ጊዜ ተጠያቂው ቁሱ ነው። ርካሹ የሰርኪት ሰሌዳ ኤፍአር-4 ይባላል፤ ከመስታወት ጭረትና ከኤፖክሲ የሚሠራ። በሶፍትዌሩ የቁሶች መዝገብ ውስጥ ዳይኤሌክትሪክ ኮንስታንቱ (ቁሱ ሞገዱን ምን ያህል እንደሚያዘገይ የሚናገረው ቁጥር) 4.4 አካባቢ ተብሎ ተቀምጧል። እውነተኛው ሰሌዳ ግን ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያያል። 4.2 የሆነ ሰሌዳ ቢመጣ፣ ለ2.4 ጊጋኸርዝ ዋይፋይ የተነደፈ ጠፍጣፋ አንቴና 50 ሜጋኸርዝ ገደማ ወደ ላይ ይንሸራተታል። የዋይፋዩ ባንድ ጠቅላላ ስፋት 83.5 ሜጋኸርዝ ብቻ ነው፤ የእንዲህ ዓይነቱ አንቴና የራሱ ስፋትም ጠባብ ነው። ሰሌዳው ገና ከፋብሪካ ሲወጣ ግማሽ ሥራው ገደል ገብቷል ማለት ነው። ስለዚህ ልምድ ያለው ሰው አስቀድሞ ከዚያው ፋብሪካ ቁራጭ ሰሌዳ ያስመጣል፣ ይለካል፣ ለስሌቱም የለካውን ቁጥር ይሰጣል።

ቀጥሎ ልኬት አለ። አንቴናው ማሚቶ አልባ ክፍል ይገባል፤ ግድግዳው፣ ጣሪያውና ወለሉ ጨረር በሚውጥ ሾጣጣ ስፖንጅ የተሸፈነ ክፍል ነው። ለመለካት ኬብል መሰካት ግድ ነው። ዕቃው የመዳፍ ያህል ትንሽ ከሆነ ከረንቱ በኬብሉ የውጭ ሽፋን ላይ ይፈስሳል፤ ኬብሉም አብሮ ይጨርራል። ስሌቱ ውስጥ ግን ኬብል አልነበረም። ልኬቱና ስሌቱ አልገጥም ሲሉ ሶፍትዌሩን የሚረግሙ ብዙ ናቸው። እኔ መጀመሪያ ኬብሉን በእጄ እጨብጣለሁ። ስጨብጠው ግራፉ ከተንቀሳቀሰ ጥፋቱ የት እንዳለ ታወቀ፤ ያንን ከረንት የሚገታ ፌራይት ቀለበት ኬብሉ ላይ እናስገባለን፣ ወይም ኬብሉን ራሱን ስሌቱ ውስጥ እንጨምረዋለን።

የመካከለኛ ሞገድ ማማ ከሆነ ደግሞ ነገሩ አፈር ነው። ኔክ ስለ መሬቱ የሚጠይቀው ሁለት ቁጥር ነው፤ አንዱ ዳይኤሌክትሪክ ኮንስታንቱ፣ ሌላው ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ። ብዙ ሰው «መካከለኛ አፈር» የሚባለውን 13ና 0.005 ሲመንስ በሜትር ሳያስብ ይሞላል። የአገራችን መረሬ መሬት በነሐሴ ውሃ ጠጥቶ ያበጠ፣ በየካቲት ደርቆ የተሰነጣጠቀ ነው፤ አንድ ቁጥር ሁለቱን ሊወክል አይችልም። ለሁለቱም ወቅት ለየብቻ ማስላት ያስፈልጋል። ከማማው ሥር በየአቅጣጫው የሚቀበሩት የመዳብ ሽቦዎችም አሉ፤ ከ1937ቱ የብራውን፣ የሉዊስና የኤፕስታይን ጥናት ወዲህ 120 ያህል ሽቦ መቅበር የተለመደ ሆኗል። ኔክ-2 የተቀበረ ሽቦ ማስላት አይችልም። ሽቦዎቹን ከመሬት ጥቂት ከፍ አድርገን እናስላቸዋለን፤ ግምት ነው። የተቀበረውን በቀጥታ የሚችለው ኔክ-4 ነው፤ እሱ ደግሞ በፈቃድ ነው የሚገኘው።

ከዚህ ሙያ ታሪኮች ሁሉ የምወደው የናሳን ነው። በመጋቢት 2006 ኤስቲ-5 የተባሉ ሦስት ትንንሽ ሳተላይቶች ሲመጥቁ የያዙት አንቴና የሰው እጅ ያልነደፈው ነበር። በአሜስ የምርምር ማዕከል ጄሰን ሎን፣ ግሪጎሪ ሆርንቢና ባልደረቦቻቸው፣ ኮምፒውተሩ በዘፈቀደ የታጠፉ ሽቦዎችን እያዳቀለ፣ እያንዳንዱን በኔክ-4 እየፈተነ፣ ደካማውን እየጣለ እንዲሄድ አደረጉ። በመጨረሻ የወጣው ወዲህና ወዲያ የተጣመመ፣ ሚዛን የሌለው የሚመስል ሽቦ ነው፤ የትኛውም መሐንዲስ እንዲህ አጥፎ አያመጣውም። ግን ሠራ። የጉዞው ምሕዋር ሲለወጥባቸውም አዲስ አንቴና ለማግኘት አንድ ወር አልፈጀባቸውም።

የዚህ ታሪክ ጓዳ ምን መሰላችሁ? እንዲህ ያለ ፈላጊ ፕሮግራም የታዘዘው ቁጥሩን ከፍ እንዲያደርግ ብቻ ነው፤ አንቴና ምን እንደሆነ አያውቅም። የስሌቱ ቀዳዳ ካለ ያገኘዋል። ሽቦዎችን እስኪነካኩ ያቀራርባል፣ በሾለ ማእዘን ያገናኛል፣ ስሌቱ የሚስትበትን ቦታ ፈልጎ እዚያ ይሰፍራል፤ ከዚያም የተፈጥሮ ሕግ የማይፈቅደውን ጌይን ያመጣላችኋል። አማካይ ጌይንን የመሰለው ፈተና በፍለጋው ውስጥ ካልገባ፣ በመጨረሻ የሚሸለመው ምርጡ ውሸት ነው። የናሳዎቹ ሰዎች ሽቦው ሲታጠፍ ትንሽ መዛነፉ እንደማይቀር አስበው፣ አንዱን ቅርጽ ጥቂት እያዛነፉ ደጋግመው ይፈትኑት ነበር። አንቴናውን ሕዋ ላይ ያደረሰው ይህ ጥንቃቄ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ብልሃተኛው ፍለጋ ብቻውን ባልበቃ ነበር።

እንግዲህ አንቴና የምትገዙ፣ ጨረታ የምትገመግሙ፣ ፕሮጀክት የምታጸድቁ ሁሉ፣ ባለ ቀለሙ ምስል ሲቀርብላችሁ ሪያላይዝድ ጌይኑ ስንት እንደሆነ ጠይቁ። ሜሹ ሲጠብ መልሱ በስንት እንደተለወጠ ጠይቁ። የተለካ ውጤት ካለ ከስሌቱ ጋር በአንድ ግራፍ ላይ ይቅረብልን በሉ። ጥሩ ባለሙያ በዚህ ጥያቄ አይቀየምም፤ ለዓመታት ሲጠብቀው የነበረ ጥያቄ ነው።

ተማሪዎችም ውድ ሶፍትዌር የለንም ብላችሁ እጃችሁን አጣጥፋችሁ አትቀመጡ። ኔክ-2 ለማንም ክፍት ነው፤ የሮይ ሌዋለን ኢዜድኔክ ከ2022 ጀምሮ በነጻ ይገኛል፤ ኪዩብ ለሚፈልግም ኦፕን-ኢኤምኤስ አለ። ኔክ-2 በአሮጌ ላፕቶፕ ሳይቀር ይሠራል። የመጀመሪያ ሥራችሁ ተራ የግማሽ ሞገድ ዳይፖል ይሁን፤ ሬዚስታንሱ 72 ኦም አካባቢ፣ አማካይ ጌይኑም 1 አጠገብ እስኪመጣላችሁ ድረስ ወደ ሌላ አንቴና አትለፉ።